ከሴባስቶፖል እስከ ፖፖ፤ በደብረ ታቦር የጓዝ ታሪክ ላይ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

አባቴ ደብረ ታቦር ተወልደው ደብረ ታቦር ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄደው ሦስት ሳምንት ሲቆዩ፣ ይዘው የወጡት ጋቢያቸውን፣ ከዘራቸውንና ዚፑ አልዘጋ ያለ አንድ ጥቁር ቦርሳ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሲመለሱም እንደሄደ ነው አልጋ ሥር የገባው። ልጄ ደግሞ ዕድሜው አንድ ዓመት ከስምንት ወር፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ነው። ለሁለት ሌሊት ባሕር ዳር ሊሄድ መናኸሪያ ሲደርስ ረዳቱ ጓዙን ከላይ እስከ ታች አየና «ቤት ለቃችሁ ነው?» ሲል ጠየቀን።

ናሙናው ሁለት ሰው ብቻ ነው ተብሎ ይህ ጥናት እንዳይናቅ እጠይቃለሁ። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ፣ አንድ ዓይነት እንጀራ የሚበሉ፣ በአንድ መንገድ የሄዱ ናቸውና ልዩነታቸው ዕድሜ ብቻ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሚወጣው ሕግ ግልጽ ነው፤ የተጓዡ ዕድሜ ባነሰ መጠን የጓዙ ክብደት ይጨምራል። ሕጉን ወደ ኋላ ብንጎትተው፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ጓዝ ወሰን የለውም ማለት ነው። ይህንንም ባለቤቴ በስምንተኛ ወሯ ለሆስፒታል ብላ ያሰናዳችው ሻንጣ ያረጋግጣል፤ በውስጡ የክረምት ካልሲ ነበረበት፤ ወሩ ግንቦት ነበር።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ቃላቱን እንለይ። የአገራችን ሰው ስንቅ፣ ቋጠሮ፣ ጓዝ፣ ኮተት ብሎ ለይቶ ይናገራል። ስንቅ የሚበላ ነው፤ መንገድ ላይ ያልቃል። ቋጠሮ ሰው የላከው ነው፤ አደራ ነውና አይፈታም። ጓዝ ባለቤቱ ራሱ የሸከፈው ነው። ኮተት የሚባለውም ያው ጓዙ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ተናጋሪው ላይ ነው። ሚስት ስትሸክፈው ጓዝ የነበረው፣ ባል ሲሸከመው ኮተት ይሆናል። ዕቃው ባስፈለገ ጊዜ ደግሞ ተመልሶ ጓዝ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ባል ዝም ማለት ይጠበቅበታል። እኔ ይህን የተማርሁት በኋላ እንደምገልጸው በመስክ ላይ ነው።

ፌስታልን ከእነዚህ ከአራቱ ጋር መደባለቅ ስህተት ነው። ፌስታል ዕቃ አይደለም፤ መለኪያ ነው። ቅቤ በኪሎ፣ ጤፍ በኩንታል፣ መንገድ በኪሎ ሜትር እንደሚለካ ሁሉ፣ የእናት ስጋት በፌስታል ይለካል። አንድ ስጋት አንድ ፌስታል ነው። ስጋቱ እርጥብ ከሆነ ሁለት ፌስታል ይሆናል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንምጣ። በጉዞው ዋዜማ ማታ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ። (ዕርዳታ እንዳደርግ ተጠይቄ ነበር፤ ተመራማሪ በሚያጠናው ነገር እጁን ማስገባት የለበትም ብዬ ተውሁት።) ባለቤቴ ትሸክፋለች። እየሸከፈች ትናገራለች፤ የምትናገረው ግን ለእኔ አይደለም።

«ቢበርደውስ?» አለች። ሁለት ሹራብና የሱፍ ኮፍያ ገባ።

«ቢሞቀውስ?» ሦስት ስስ ካናቴራ ገባ።

«ቢርበውስ?» አጥሚት በፔርሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ብስኩት ገባ። «ብስኩቱን እምቢ ቢልስ?» ዳቦ ገባ። «ዳቦው ቢደርቅበትስ?» ወተት ገባ። «ወተቱ ቢፈስስ?» ፎጣ ገባ።

«ቢያስመልሰውስ?» ሎሚ፣ ሶፍት፣ ሌላ ፎጣ፣ ባዶ ፌስታል ከነእጥፋቱ። «ቢያተኩሰውስ?» የትኩሳት ሽሮፕ፣ ከነማንኪያው። «ቢመጣበትስ?» ዳይፐር አንድ ጥቅል፤ ዳይፐሩን ልናስተወው ጀምረን ነበርና ሰማያዊ ፖፖውም ገባ፤ ፖፖው ባዶ ቦታ እንዳይዝ ውስጡ ካልሲ ተሞላ። «ባይተኛስ?» ያለ እሷ እንቅልፍ የማይወስደው አሻንጉሊት ገባች።

በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የሰዋስው መምህራን «ቢ» ጥርጥርን ያመለክታል፣ «ስ» ጥያቄን ታጠናክራለች ብለው አስተምረውናል። ያልነገሩን ነገር ቢኖር በሁለቱ መካከል የገባ ግስ ሁሉ ፌስታል እንደሚወልድ ነው። አማርኛ ደግሞ ግስ አያልቅበትም። አንዱ ግስ ያስደርጋል፣ ያደራርጋል፣ ይደረጋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቢ እና ስ ይገጠማሉ። እንዲህ ያለ ቋንቋ እየተናገሩ ቀለል ያለ ጓዝ መያዝ ከባድ ነው። ባለቤቴ የአማርኛ መምህርት መሆኗም ነገሩን አላቃለለውም።

አንድ ጊዜ ብቻ ከተመራማሪነት ወጥቼ ጣልቃ ገባሁ። «ባሕር ዳር እኮ የክልሉ ዋና ከተማ ነው፤ ሙዝ አይጠፋም» አልኋት። ሙዙን ከፌስታሉ አላወጣችም። ቀና እንኳ ሳትል «ቢጠፋስ?» አለችኝ። ባሕር ዳር ከተማ ሙዝ የሚጠፋበትን ሁኔታ በዐይነ ኅሊናዬ ለመሣል ሞከርሁ። ሁኔታው እውነት ከሆነ በእኛ አራት ሙዝ የሚታለፍ አልነበረም።

ለፍትሕ ያህል ስለ ልብሱ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጀርባዋን ከ4,000 ሜትር በላይ ለሆነው ለጉና የሰጠች ከተማ ናት። በጥር ማለዳ ከቤት የወጣ ሰው ትንፋሹን ያየዋል። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ በጥር ቀትር ጋቢ የለበሰ ሰው ቢታይ የታመመ ይመስላል። በመካከሉ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሕፃን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ይወርዳል፣ 900 ሜትር። ሁለት ዓይነት ልብስ መያዝ ቅብጠት አይባልም። ሦስተኛው ዓይነት ግን፣ ማለትም ነጩ ሸሚዝ ከነቢራቢሮ ክራቫቱ፣ ለአየሩ የተያዘ አልነበረም። ለባለቤቴ ታላቅ እህት ዓይን የተያዘ ነው። የምንሄደው ለእህቷ ልጅ ልጅ ክርስትና ነበርና፣ «ይህን አስለብሰሽው መጣሽ?» የሚል ቃል እንዳይሰማ። ይህ ከቢ…ስ ውጭ የሆነ ሁለተኛ የጓዝ ምንጭ ነው። የዚህኛው ምንጭ ክብደት በፌስታል ስለማይለካ አልፈዋለሁ።

ስለ ደብረ ታቦርና ስለ ጓዝ የሚጽፍ ሰው አንድ ትልቅ ጓዝ ዘሎ ማለፍ አይችልም። ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። በዚያ ቦታ ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ ሠሪ ሆነው የቀሩ አውሮፓውያን፣ እነ ዋልድማየር፣ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው ሠሩ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በእኔ ልጅ ሚዛን 636 ሕፃናት ማለት ነው፤ ያለ ጓዛቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማይቱን አቃጥለው ነው የወጡት። (ባለቤቴ ግን የሲሊንደሩን ማጥፊያ ሦስት ጊዜ ተመልሳ አይታለች። ይህ ሁለቱ ጉዞዎች ከሚለያዩባቸው ጥቂት ነጥቦች አንዱ ነው።) ለመድፉ ጋሪ ተሠራለት። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ጎተተው። መንገድ አልነበረምና ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ ይጠረግ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ወርደው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዚህ ሁኔታ የዋድላንና የደላንታን አምባ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ አቋርጦ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ከመድፍ ሠሪዎቹ መካከል ሚስትና ልጅ ይዘው የተጓዙ ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት የመድፉን ክብደት ይመዝናሉ እንጂ በዚያ መንገድ ላይ የልጆቹን ጨርቅ ማን እንዳጠበ፣ በምን ውኃ እንዳጠበ፣ የት እንዳሰጣው አይጨነቁበትም። እኔ ለልጄ ዳይፐር ከገዛሁ ወዲህ የመቅደላን ዘመቻ ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የሴባስቶፖልን ጉዞ በንድፈ ሐሳባችን ብንፈትሸው መነሻው ያው ነው። «እንግሊዞች ቢመጡስ?» መጡም። በዚህ ጥናት ውስጥ ከተመዘገቡት ቢ…ስ ሁሉ ሳይጓደል የተፈጸመው ይህ አንዱ ነው። ነገር ግን ጓዙ የተያዘበት ቀን ሲደርስ መድፉ ይህ ነው የሚባል ሥራ ሳይሠራ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ አለቀ። ለመድፉ ተብሎ በዚያ ሁሉ ላብ የተጠረገውን መንገድ ደግሞ በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ሄደበት። ለልጃችን ብለን ያዘልነውን ብስኩትም ባሕር ዳር ስንደርስ የእህቷ የልጅ ልጆች በሉት። ነገሩን የማነሣው ለማነጻጸር ያህል ነው።

የእናቴን ነገር ብዘለው ጥናቱ ጎዶሎ ይሆናል። እናቴ በፋርጣ ገጠር ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ሰባታችንም በአንዲት አንቀልባ አልፈናል። አንቀልባዋ የቆዳ ናት፤ ጠርዟ በዛጎል የተጠለፈ ነው፤ ዛሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አለች። እናቴ በዋዜማው ማታ ገብታ ክምሩን ስታይ በአንቀልባዋ በኩል ዞር አለችና «እኛ ስናሳድግ ምን ነበረን? አንቀልባና ጡት!» አለች። ባለቤቴ «እሱስ ልክ ነዎት፣ እማማ» አለች፤ መሸከፏን ግን አላቆመችም።

ይህን ንግግር በማስረጃነት ልይዘው ስል አንድ ችግር ገጠመኝ። እናቴ ይህን ብላ ስትጨርስ ወጣችና ማዳበሪያ ሙሉ ድንች ይዛ ተመለሰች። «ባዶ እጅ አይኬድም» አለች። የፋርጣ ድንች ባሕር ዳር እንደማይገኝ አድርጋ ነው የተናገረችው። ቀጥላ በቅል ቅቤ አመጣች፤ ቀጥላ የገብስ ቆሎ፤ ቀጥላ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በነጭ ጨርቅ ቋጥራ «ይቺን ካንገቱ እንዳታወልቂ፤ የከተማ ሰው ዓይን ክፉ ነው» አለች። በመጨረሻም የራሷን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ አስቀመጠች፤ «ቢመሽባችሁስ?» ብላ። እንግዲህ ይህ ቢ…ስ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ መሆኑን ያሳያል። «ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ስትል የቆየችው እናቴ ብቻዋን የጨመረችው፣ ባለቤቴ ማታውን ሙሉ ከሸከፈችው ይከብዳል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት የወጣንበት አሰላለፍ ከጥንቱ የነገሥታት ጉዞ ብዙ አይለይም። ፊታውራሪ እኔ ነበርሁ፤ ትልቁን ሻንጣ በጭንቅላቴ ይዤ። በቀኝ ወንድሜ ድንቹን፣ በግራ የጎረቤት ልጅ ፔርሙዙንና ዘምቢሉን ይዘዋል። መሐል ላይ ዋናው ተጓዥ በእናቱ ጀርባ፣ በጋቢ ድንኳን ውስጥ፣ አፍንጫው ብቻ እየታየ። ደጀን ሆና እናቴ የተረሳ ነገር እየጠራች ትከተላለች። የልጅ ጋሪም ነበረን፤ አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችው፣ አራት እግር ያለው፣ የሻይ ኩባያ ማስቀመጫ ሳይቀር የተሠራለት ጋሪ። የደብረ ታቦር ኮብልስቶን ላይ ሕፃን አስቀምጦ ይህን ጋሪ መግፋት ሕፃኑን መናጥ ነው፤ በአንድ ሙከራ ተረጋግጧል። ሆኖም ጋሪው ሥራ አልፈታም። ልጁ ታዘለ፣ ጋሪው ላይ ቅቤውና ዳይፐሩ ተጫኑ። ይህንንም መናኸሪያው ውስጥ ለረዳቱ ማስረዳት አስፈልጓል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የልጅ ጋሪ ነው።»

«ልጁስ?»

«ታዝሏል።»

«ታዲያ ጋሪው ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

«ጓዝ ይዟል።»

ረዳቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ ጋሪውን አሳየው። ልጁ እቅፍ ስለሆነ ሒሳብ የለበትም ተባለ፤ ጋሪው ግን እንደ አንድ ሰው እንዲከፍል ተወሰነ። ከክርክር በኋላ በግማሽ ሰው ተስማማን። ፖርቶ መጋላው ላይ፣ በሁለት የጤፍ ኩንታል መካከል፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ ታሰረ። ከደብረ ታቦር በጋሪ ተጭኖ የወጣ ጓዝ ታሪክ ያውቃል፤ ጋሪው ራሱ ጓዝ ሆኖ ሲጫን ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ስለ መስኮት ብዙ መጻፍ ይቻላል። በአገራችን ሚኒባስ ውስጥ የመስኮት ጥያቄ ከመሬት ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የሚሞቀው ወገን ይከፍታል፣ ነፋስ የሚፈራው ወገን ይዘጋል፣ ክርክሩ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ሕፃን በገባበት መኪና ግን ክርክር የለም። አንድ ሰው ሦስት ጣት ያህል ከፈተ፤ ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ሕፃን አለ!» አሉ፤ ሁሉም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ 11 ኪሎ የሚመዝነው ዋናው ተጓዥ ሹፌሩንና ረዳቱን ጨምሮ መኪናውን ሙሉ ሰው አፍኖ እንቅልፉን ተኛ።

እንቅልፍ ላይ ቢሆንም ልብስ ማውለቁ አልቀረም። ከደብረ ታቦር ሲነሣ አምስት ድርብ ለብሶ ነበር። አለም በር ላይ ኮፍያው ወለቀ። አውራምባን አልፈን ወደ ፎገራ ሜዳ ስንወርድ ጋቢው ተገፈፈ። ወረታ ላይ አንዱ ሹራብ፣ የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ሁለተኛው፣ ሐሙሲት ላይ የሱፍ ካልሲው። የዚህን መንገድ ከፍታና ዝቅታ መሣሪያ ሳይዝ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ሕፃን አጠገብ መቀመጥ ይበቃዋል። የወለቀው ሁሉ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ደግሞ ጭናችን ላይ ይወጣል። ልጁ እየቀለለ ሲሄድ እኛ እየከበድን ሄድን፤ ባሕር ዳር ስንደርስ እሱ በካናቴራ ነበር፣ እኔ የእናቴን ጋቢ፣ ሁለት ሹራብና ፔርሙዝ ታቅፌ ነበር።

አሁን ወደ ቢ…ስ ፈተና እንመለስ። ጥናቱ ታማኝ እንዲሆን በእኔ ላይ የደረሰውንም መጻፍ ይገባኛል።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ መጠማዘዝ ያበዛል። መስኮቱ ዝግ ነው። አንድ ሰው የቆሎ ስንቁን፣ ሌላው ብርቱካን ከፈተ፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ቦታ አጥቶ እግሬ ሥር የተቀመጠው የእናቴ ቅቤ ሙቀት እየተሰማው መጣ። አለም በር ልንደርስ ስንል ግንባሬን ላብ አጠመቀው። ባለቤቴ ፊቴን አየችና ምንም ሳትናገር እጇን ወደ ዘምቢሉ ሰደደች። ሎሚ አወጣች፣ በጥርሷ ቦጨቀችና አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። አልሆነም። ቀጥላ ፌስታል፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ አፉን ገልጣ አቀበለችኝ። ያኔ ሆነ። ቀጥሎ ሶፍት፣ ቀጥሎ እርጥብ መጥረጊያ፣ ቀጥሎ ዳክዬ የታተመበት ትንሹ ፎጣ። ከኋላ የነበሩት ሴትዮ «አይዞህ ልጄ፣ ይወጣልሃል» አሉኝ። ልጄ ተኝቷል።

ትንሽ ሲሻለኝ፣ ድምፄ እንደ ተመራማሪ እንዲሆን እየጣርሁ፣ ማታ «ቢያስመልሰውስ» ስትል ስለ ልጁ መስሎኝ እንደነበር ነገርኋት።

«‘ው’ን ለማን ነው ያልሁት መሰለህ?» አለችኝ። «ሁለታችሁም ወንድ ናችሁ።»

ተሳቢውን ሳይጠይቁ መደምደም የጥናቱ ትልቁ ድክመት ነበር። አስተካክያለሁ። ሽሮፑንም ከነማንኪያው የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ በማንኪያው ልክ ሰባት ጊዜ።

ልጁ ወረታ ላይ ነቃ። ለእሱ ተብለው ከተያዙት ዕቃዎች አንዱንም አልፈለገም። አሻንጉሊቷን ወረወራት፤ ከሁለት ወንበር ወዲያ የነበረ ወታደር መለሰልን፤ እንደገና ወረወራት፤ ወታደሩ እንደገና መለሰ፤ ሦስተኛ ጊዜ ወታደሩ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። እነዚያ ከኋላ ያሉት ሴትዮ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ከእግራቸው ሥር አነሡና ጥቂት ቆሎ ጨምረው ክዳኑን አጠበቁ፤ ሰጡት። ነቀነቀው። ጮኸ። ባሕር ዳር የአባይ ድልድይ እስክንደርስ ድረስ ሲነቀንቀው ነበር፤ ሁለቱን ሌሊት ይዞት ተኛ። ሃይላንዱ ወጪው ዜሮ ነው፤ በማናቸውም ቢ…ስ ውስጥ አልተካተተም።

ስለ ባሕር ዳሩ ቆይታ አጭር ልሁን። የባለቤቴ እህት ሁሉንም አሰናድታ ጠበቀችን፤ ዳይፐር፣ ወተት፣ ሙዝ፣ የልጅ ልጆቿ ያደጉበት ቀይ ፖፖ ሳይቀር። ሁለት ፖፖ ባለበት ቤት ዋናው ተጓዥ ምንጣፉን መረጠ። ነጩ ሸሚዝ ከቢራቢሮ ክራቫቱ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሰባት ደቂቃ ያህል ተለበሰ፤ ከዚያ ሻማ ነካው። አራሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ የ40 ቀን ልጇን እያጠባች ጓዛችንን ስትመለከት ቆየችና ባለቤቴን በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ማታ ምን እንዳለቻት ጠየቅሁ። የፔርሙዙን ዓይነትና የት እንደተገዛ ነው የጠየቀቻት። በዚህ ሁኔታ ትምህርቱ ይተላለፋል።

ድንቹን አስረክበን እንቀላለን ብዬ የሠራሁት ሒሳብ ልክ አልነበረም። ድንች ያስረከበ ሰው ማዳበሪያውን ባዶውን አይመልሱትም። የፎገራ ሩዝና ማንጎ ተሞላበት፤ የቅቤው ቅል ማር ተሞላበት። ክርስትናው ላይ የተረፈው ድፎ ዳቦ ግማሹ «መንገድ ላይ ቢርባችሁስ» ተብሎ ተጨመረ። ወደ ላይ ስንወጣ የልብሱ ሥርዓት ተገልብጦ ተደገመ፤ ሐሙሲት ላይ ካልሲ፣ ወረታ ላይ ሹራብ፣ ቀጥሎ ጋቢው፣ አለም በር ላይ ኮፍያው። እኔ በዚህኛው ጉዞ ፊት ወንበር ተቀምጬ ሎሚዬን በእጄ ይዤ ነበር፤ ደህና ገባሁ።

ቤት ደርሰን ስንቆጥር 47 ዓይነት ዕቃ ይዘን ወጥተናል። ከእነዚህ ልጁ የተጠቀመባቸው አሥራ አንድ፣ እኔ የተጠቀምሁባቸው ስድስት ናቸው። ሌላው፣ ከተበላውና ካስረከብነው በቀር፣ እንደ አባቴ ጥቁር ቦርሳ እንደሄደ ተመልሶ ገብቷል። አንድ ብቻ ጎደለ። ባለቤቴ ሻንጣውን ገለበጠች፣ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ አራገፈች፣ የካልሲውን ፌስታል ሁለት ጊዜ አየች። ካልሲዎቹ አሉ፤ የነበሩበት ፖፖ የለም። ስልክ ተደወለ። እዚያው ነው፤ መታጠቢያ ቤት በር ላይ፣ ከቀዩ አጠገብ ተቀምጧል።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ «አንቀልባ ቢሆን አይረሳም ነበር፤ ጀርባሽ ላይ ነውና» አለች። ባለቤቴ አልመለሰችላትም።

ዋናው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ወደ ጋፋት የመለሰው የለም፤ 7 ቶን ነውና አይፈረድም። የእኛው ግን ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ያለ ልጅ የሚመጣ አንባቢ ካለ እንዲተባበረን እንጠይቃለን። ሰማያዊ ነው፤ ታጥቧል፤ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሏል። መናኸሪያ ድረስ መጥተን እንቀበላለን።